የጎደለን ረጅም ሰው ነበር

ስለ ድራፍት ልንጽፍ ነው ብለን ለዶርም ጓደኞቻችን ብንነግራቸው፣ «የትኛው ቤት ያለው ነው ጥሩው?» ብለው ጠየቁን። ኧረ እኛ የምንለው ድራፍት በብርጭቆ የሚቀዳው አይደለም! ኤንቢኤ የሚባለው የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ማኅበር በየዓመቱ የሚያደርገው የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ነው። ቡድኖቹ ተራ ይይዙና ከኮሌጅም ከባሕር ማዶም የመጡ ወጣቶችን አንድ በአንድ በስም እየጠሩ ይወስዳሉ። በዓመቱ የደከመው ቀደም ብሎ ይመርጣል፤ የበረታው ወደ ኋላ ይሰለፋል። ደካማው ይጠናከር ተብሎ የታሰበ ነገር ነው። ልጁ ግን መራጩን አይመርጥም። ስሙ ይጠራል፣ የቡድኑን ኮፍያ ይደፋል፣ እጅ ይጨብጣል፣ ወደተባለበት ከተማ ይሄዳል። እኛም ወደዚህ ግቢ የመጣነው በምደባ ስለሆነ ይህን ለመረዳት ብዙ አልተቸገርንም።

(አሜሪካን በሚመለከት የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ እነሱው አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።)

የስፖርት ዐዋቂ ነን አንልም። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ ኳስ ከመወርወር ይልቅ ስለ ወረወረው ሰው ማውራት ይቀናናል። ይህን የምንጽፈው ግን ዕዳ ስላለብን ነው።

አምና ኅዳር ላይ የትምህርት ክፍሎች የቅርጫት ኳስ ውድድር ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው በቡድናችን ውስጥ አንድ ቦታ ተከፈተ። ከካቻምናው ውድድር የቀረን ትዝታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የኢንጂነሪንጎቹ ረጅም ልጅ ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ ኳሱን ከራሳችን በላይ እንደ ብርቱካን ሲለቅም። ስለዚህ አልጋ ጫፍ ላይ ተደርድረን ተቀመጥንና በደብተር ቅዳጅ ላይ ሁለት ዐምድ አሰመርን፤ «ያለን» እና «የጎደለን»። «ያለን» በሚለው ሥር፣ ኳስ አቀባይ ሁለት፣ ከሩቅ የሚወረውር አንድ፣ የሚሮጥ አንድ። «የጎደለን» በሚለው ሥር አንድ ቃል ብቻ ጻፍን፤ ረጅም።

ለሙከራ ሰባት ፍሬሾች መጡ። አምስቱን አንባቢ ይርሳቸው፤ እኛም ረስተናቸዋል። ስድስተኛው አጭር ነው፤ ትከሻችን ድረስ ቢደርስ ነው። ሸራ ጫማ አጥልቋል። ኳሷ እጁ ከገባች በኋላ ግን በገመድ የታሰረች ነበር የምትመስለው። ከመካከላችን ሊቀማው የቻለ የለም። አንዴማ ወደ ግራ እያየ ወደ ቀኝ ቢያቀብል፣ ኳሱ የደረሰው ልጅ ራሱ ደንግጦ ጣለው። ሰባተኛው ለሙከራ የመጣም አልነበረም። ከካፌ ሲወጣ በሩ ላይ አንገቱን ሰበር ሲያደርግ አይተን በጩኸት የጠራነው ነው። «ኳስ ተጫውተህ ታውቃለህ?» ብንለው «በእግር ነው?» አለን።

ምክክሩ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። «አጭሩ ጎበዝ ነው፤ ግን ሌላ አቀባይ ምን ይሠራልናል? ሁለት አሉን» ተባለ። ረጅሙን ወሰድነው።

የፖርትላንድን ታሪክ ያነበብነው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ክረምቱን ዶርም ቀርተን ከስልክ ጋር ስናፈጥ ነው። ስናነብ የደብተራችንን ቅዳጅ የሰረቁን ነው የመሰለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጁን 19 ቀን 1984 ኒው ዮርክ ላይ ምርጫው ሲደረግ ፖርትላንድ ሁለተኛ መራጭ ነበረ። ቡድኑ ደክሞ አይደለም፤ በዚያ የውድድር ዓመት 48 ጨዋታ አሸንፎ 34 ነው የተሸነፈው። ተራውን ያገኘው በ1981 ቶም ኦውንስ የሚባል ተጫዋች ለኢንዲያና ሰጥቶ፣ በለውጡ የኢንዲያናን የወደፊት ተራ ስለ ወሰደ ነው። ኢንዲያና ከምሥራቁ ምድብ ግርጌ ወጣ፤ የፖርትላንድ ዕድል በዚያው ሰመረ። በዚያን ጊዜ አንደኛው ተራ የሚለየው በሁለቱ ምድቦች መጨረሻ በወጡት መካከል ሳንቲም በመወርወር ነበር። ሳንቲሙ ለሂውስተን ወደቀ፤ ሂውስተንም የሌጎሱን ልጅ፣ ናይጄሪያዊውን ሐኪም ኦላጁዎንን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ፖርትላንድ ፊት የቆሙት የኬንታኪው ሳም ቡዊና የሰሜን ካሮላይናው ማይክል ጆርዳን ናቸው። ቡዊ 2 ሜትር ከ16 ሳንቲም ነው፤ ጆርዳን 1 ሜትር ከ98።

እንግዲህ የፖርትላንድን ቅዳጅ እናንብብ። «ያለን» በሚለው ሥር፣ ልክ በጆርዳን ቦታ ላይ፣ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ በ1983 እና በ1984 ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠው ጂም ፓክሰን ነው። ሌላው ዓመት ቀደም ብሎ በ14ኛው ተራ የተገኘው ወጣት ክላይድ ድሬክስለር። «የጎደለን» በሚለው ሥር ሴንተር ይላል፤ ከቅርጫቱ ሥር የሚቆም ረጅም ሰው። ይህች ጎዶሎ ታሪክ አላት። ፖርትላንድ በ1977 ዋንጫ የበላው ቢል ዋልተን በሚባል ሴንተር ነው፤ የዋልተን እግር ግን ደጋግሞ ተጎዳና ሰውዬው ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ዐይኑ ረጅም ሰው ሲፈልግ ኖረ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይብስ ብሎ ከምርጫው ጥቂት ቀደም ብለው ኪኪ ቫንደዌይ የሚባል አስቆጣሪ ከዴንቨር ለማምጣት ሦስት ተጫዋቾች ሰጡ። ከሦስቱ አንዱ፣ ዌይን ኩፐር፣ ሴንተር ነበር! ጎዶሏቸውን በገዛ እጃቸው አሰፏት ማለት ነው። (ከሦስቱ ሌላው፣ ፋት ሌቨር፣ ዴንቨር ገብቶ ኮከብ ሆነ። እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ቡዊን ወሰዱ። ቺካጎ በሦስተኛው ተራ ጆርዳንን አገኘ። የቀረውን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል፤ ስድስት ዋንጫ። ከስድስቱ አንዷን፣ የ1992ቱን፣ ቺካጎ የወሰደው ራሱን ፖርትላንድን 4 ለ 2 ረቶ ነው።

በዚያ ምርጫ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፣ ሳናነሣው ማለፍ አልሆነልንም። ያኔ ምርጫው 10 ዙር ነበር፤ በ10ኛው ዙር ቺካጎ ማንን ቢጠራ ጥሩ ነው? ሯጩን ካርል ሉዊስን! በዚያው በጋ ሎስ አንጀለስ ላይ አራት ወርቅ ያጠለቀውን ሰው። ቅርጫት ኳስ ተጫውቶላቸው አያውቅም። ለእሱ ደግሞ በየትኛው ዐምድ ሥር ጽፈውት ይሆን?

ወደ ፖርትላንድ እንመለስ። «ምን ዐይነት ዕውሮች ናቸው» ብሎ መሳቅ ቀላል ነው፤ እኛም መጀመሪያ ስቀናል። ግን በጊዜው ቆመን ስናየው ሐሳባቸው ሐሳብ ነበር። በ1980 እና በ1982 ዋንጫውን የወሰደው ሎስ አንጀለስ ካሪም አብዱል ጀባርን ይዞ ነው። በ1983 የወሰደው ፊላደልፊያ ሞዝስ ማሎንን ይዞ ነው። ዋንጫ የሚመጣው በረጅም ሰው ትከሻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ጆርዳንን የወሰደው የቺካጎው ኃላፊ ሮድ ቶርን እንኳ፣ ልጁ እንደ ሴንተሮቹ ረጅም ባለመሆኑ ቅር መሰኘቱን በአደባባይ ተናግሯል። እንግዲህ ያገኘውም ያላገኘውም ሰው ሲመኝ የነበረው ቁመት ነው። አንድ የሚወራ ወሬም አለ። በዚያው በጋ የአሜሪካን የኦሊምፒክ ቡድን ያሠለጠነው ቦብ ናይት ለፖርትላንዱ ስቱ ኢንማን ጆርዳንን እንዲወስድ ይመክረዋል። ኢንማን እኛ የሚያስፈልገን ሴንተር ነው ይለዋል። ናይትም እንግዲያው ጆርዳንን ሴንተር አድርገህ አሰልፈው አለው ይባላል።

የሚያናድደን ሌላ ነው። «ያለን» ከተባሉት አንዱ፣ ያ ፓክሰን፣ በ1988 መጀመሪያ ላይ ወደ ቦስተን ተዛወረ። ጆርዳንን «ቦታ የለህም» ያሰኘው ሰው አራት ዓመት ሳይሞላው ቦታውን ለቅቆ ሄደ ማለት ነው።

ታዲያ ከዚህ ተነሥተን «ጎዶሎህን አትይ፣ ጎበዙን ውሰድ» ብንል ዲትሮይት ይስቅብናል። በ2003 ዲትሮይት ሁለተኛ መራጭ ሆኖ ካርሜሎ አንተኒን አለፈው፤ በእሱ ቦታ ቴይሾን ፕሪንስ አለን ብሎ። የወሰደው ገና 18 ዓመት የሞላውን ረጅሙን የሰርቢያ ልጅ ዳርኮ ሚሊቺችን ነው። ዳርኮ ወንበር ሲያሞቅ ከረመ። ይኼው ጉድ ተባለ። ግን በዓመቱ፣ በ2004፣ ዋንጫውን ማን በላ? ዲትሮይት! ካርሜሎ ደግሞ እስኪያቆም ድረስ አንድም ዋንጫ አላገኘም። ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዱ ስልኩን ወርውሮ ተኛ።

ሂውስተንን ደግሞ ተመልከቱ። በ1983 በአንደኛው ተራ 2 ሜትር ከ24 የሆነውን ራልፍ ሳምፕሰንን ወስዶ፣ በዓመቱ ኦላጁዎንን ደረበበት። «ሁለት ረጅም ምን ይሠራልናል?» ያለ አልነበረም፣ ወይም ቢኖር አልሰሙትም። በ1986 ሁለቱ ረጃጅሞች እስከ ፍጻሜ ደርሰው በቦስተን ተረቱ፤ ኦላጁዎን ግን ሳምፕሰን ከሄደ በኋላ በ1994 እና በ1995 ዋንጫ አመጣላቸው።

ከሁሉም የነካን የጎልደን ስቴት ነው። በ2009 ጎልደን ስቴት በአቀባይ ቦታ ላይ ሞንታ ኤሊስ የሚባል አጠር ያለ ፈጣን ልጅ ነበረው። ተራው 7ኛ ሲደርስ ስቴፈን ከሪን ወሰደ፤ ሌላ አጠር ያለ። ኤሊስ በአደባባይ ሁለታችን አብረን መጫወት አንችልም፣ ትንንሾች ነን አለ። በ2012 ኤሊስን ለሚልዋኪ ሰጡና ሴንተር አመጡ፣ አንድሩ ቦገትን። በ2015 ሻምፒዮን ሆኑ። ጎበዙን በፊት፣ የጎደለውን በኋላ ማለት ነው። ግን እኛን የነካን ዋንጫው አይደለም፤ የኤሊስ ንግግር ነው። ያነበበው ሰው ጮክ ብሎ ሲያነብልን ክፍሉ ጸጥ አለ።

ምክንያቱም አምና ኅዳር አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ «አቀባይ ምን ይሠራልናል? ሁለት አሉን» ያለው ማን ነበር? ከሁለቱ አቀባዮች አንዱ ነው። «እውነት ነው» ብሎ የደገፈውስ? ሁለተኛው። ከእነሱ አንደኛው ይህን ብዕር የያዘው ነው። በዚያች ቅዳጅ ላይ «አቀባይ ሁለት» ብለን ስንጽፍ አቀባዮቹ ምን ያህል ጎበዞች እንደ ሆኑ የጠየቀ የለም። መጠየቅ የነበረብን ሰዎች እኛው ራሳችን ነበርና! ልጁ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለታችንንም ሦስት ሦስት ጊዜ አልፎን ሄዷል። ያን ያየነው ከሁሉም በፊት እኛ ነን። የቡድኑ ፍላጎት እያልን ያስጠበቅነው የራሳችንን ወንበር ነበር። ክፋት አስበን እንዳልነበረ ግን አንባቢ ይመንልን። በዚያች ሰዓት ለቡድኑ የምናስብ ነው የመሰለን፤ አሁን ስናስበው የሚያስፈራን እሱ ነው።

አጭሩ ልጅ አልተቀየመም፣ ወይም አላሳየንም። የየትምህርት ክፍሉ ተማሪ ለክፍሉ ብቻ ነው የሚጫወተው፤ ስለዚህ ሌላ ቡድን መግባትም አይችልም። ውጤት መዝጋቢ ሲፈለግ እጁን አወጣ። ጠመኔ ይዞ ከጥቁር ሰሌዳዋ አጠገብ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ጨዋታ 41 ለ 23 ስንሸነፍ ሃያ ሦስቷን በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፉ የጻፈልን እሱ ነው።

አሁን ስለ ረጅሙ።

ቡዊ ኬንታኪ ሳለ የግራ ቅልጥሙ ተሰንጥቆ ሁለት ሙሉ የውድድር ዓመት አልተጫወተም። ፖርትላንድ ይህን ሳያውቅ አልወሰደውም፤ አስጠርቶ ለሰዓታት አስመርምሮታል። በ2012 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ላይ ቡዊ ራሱ የዚያን ቀን ነገር ተናገረ። ሐኪሞቹ ቅልጥሙን በትንሽ መዶሻ መታ እያደረጉ ያምሃል ወይ ሲሉት ምንም አይሰማኝም ይል ነበር፤ ውስጡን ግን ያመው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከ82 ጨዋታ 76ቱን ተጫወተ፤ ደኅናም ነበር፣ ከአዲሶቹ ምርጥ አምስት አንዱ ተባለ። በተከታዮቹ አራት ዓመታት ተደምሮ የተጫወተው 63 ጨዋታ ብቻ ነው። በ1989 ለኒው ጀርሲ ተሰጠ፤ እስከ 1995 ድረስም ሲጫወት ቆይቶ አቆመ። እግሩ እየተሰበረ እየተነሣ ዐሥር ዓመት የቆየ ሰው ነው። ስሙ ሲነሣ ግን እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። ምን አጠፋ? ራሱን አልመረጠ። ተጠርቶ ሄደ እንጂ።

ለረጅሙ ልጃችን የሚሆን ጫማ ጠፋ። እግሩ ቁጥር 46 ነው። የስፖርት ዕቃ ጠባቂው ጋሼ መጋዘኑን ሁሉ ገልብጠው 43 አወጡና «ከዚህ በላይ መንግሥትም የለውም» አሉን። ልባሽ ተራ ወርደን ዞረን ዞረን 44 አገኘን። አዋጥተን ገዛንለት። ሲሞክረው «ልክ ነው?» አልነው። «ልክ ነው» አለ። ቆሞ ሁለት ጊዜ ዘለለም።

ሦስት ጨዋታ ተጫወተ። ኳስ ለመያዝ ሲሄድ ኳሱ ያልፈዋል፤ ሊዘል ሲል ሰውየው ወርዷል። እኛ ደግሞ ከሜዳው መሐል ሆነን «እጅህን አንሣ እንጂ!» እያልን መጮህ ሆነ ሥራችን። ተመልካቹ «ምሰሶው» አለው። ስሙ ካፌ ድረስ ተከተለው፤ ሰልፍ ላይ ሲቆም «መብራት ይምጣልን» የሚሉ ነበሩ። እኛ አልሳቅንም ለማለት እንወድ ነበር።

ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ ሻወር ቤት ካልሲውን ሲያወልቅ ከመካከላችን አንዱ አየው። የሁለቱም አውራ ጣቶቹ ጥፍሮች ጠቁረው፣ የቀኙ ተነሥቶ፣ ካልሲው ከደም ጋር ተጣብቆ ነበር። «ለምን አልነገርከንም?» አልነው፣ እንደ መቆጣትም ቃጥቶን።

«ሌላ ሰው ትፈልጋላችሁ ብዬ ነዋ» አለ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ልጅ ወደ ግቢው ከመጣ ሁለት ወሩ ነበር። ከሩቅ አገር ነው የመጣው፤ በዶርሙ ውስጥ እንኳ በደንብ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ስሙን ጠርተን «አንተን እንፈልጋለን» ያልነው እኛ ብቻ ነበርን። እኛ ግን የፈለግነው ቁመት ነው፤ ልጁ ከቁመቱ ጋር አብሮ መጣ። ቡዊ ለምን አያመኝም እንዳለ ከዚያ በኋላ ማንም አላስረዳንም፤ አላስፈለገንምም።

ቀሪውን ውድድር በአራት ሰውና በአንድ ወሬኛ ጨረስነው። ስንተኛ እንደ ወጣን ሰሌዳው ላይ አለ።

ዘንድሮ ያችን ቅዳጅ እንደገና አወጣናት። ሁለቱ አቀባዮች ተመራቂ ስለሆንን፣ ጊዜ የለንም ብለን ቦታችንን ለቀቅን። ስለዚህ «የጎደለን» በሚለው ሥር ዘንድሮ ምን እንደሚጻፍ አንባቢ ይገምታል። አቀባይ ሁለት። በአንድ ዓመት ውስጥ «ያለን» ወደ «የጎደለን» ተሻገረ፤ እኛም በገዛ እጃችን ነው ያሻገርነው። ባለፈው ማክሰኞ ማታ አጭሩ ልጅ ዶርም ሄድን። በሩን ብናንኳኳ የከፈተልን ረጅሙ ነው። ለካ ከአምናው ሁለተኛ መንፈቅ ጀምሮ አንድ ዶርም ናቸው! አጭሩ አልጋው ላይ ተንጋሎ መጽሐፍ ያነብባል። የመጣንበትን ነገርነው። መጽሐፉን ሳያጥፍ አየን።

«አሁን ጎደላችሁ?» አለ።

መልስ አልነበረንም። ያነበብነውን ሁሉ፣ የፖርትላንድን የምናምኑን፣ ልንነግረው አስበን ነበር የሄድነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ያፍር ነበር አፋችን። በቅዳጅዋ ጀርባ የጻፍነውን አሳየነው። አምና ኅዳር ሊጻፍ የሚገባው ነበር፤ የሰባቱም ፍሬሾች ነገር፣ ማን ምን እንደሚችል ከምናስታውሰው፣ ቦታ ሳንጠቅስ። የአምስቱን ነገር አለማስታወሳችን እዚያ ላይ በግልጽ ይታያል። እያነበበ ቆየና የእኛ የሁለታችን ስም የሌለበትን ምክንያት ጠየቀን። ጻፍነው። በእሱ እስክሪብቶ፣ እሱ እያየ፣ ምን እንደምንችልና ምን እንደማንችል ጻፍን። ሁለተኛው ዝርዝር ረዘመ።

«ከፈተና በኋላ እናያለን» አለን በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ረጅሙ ዞረና «እሱስ ይጫወታል?» አለ።

ረጅሙ ሳቀ። ክረምቱን አገሩ ሳለ፣ ከቀበሌው ሜዳ በወላለቀች ቅርጫት ላይ ለብቻው ሲወረውር እንደ ከረመ ያን ጊዜ ነው የሰማነው። ማንም ሳይጠራው። ከቅርጫቱ ሥር መቆም ግን አይፈልግም፤ ከሩቅ መወርወር ነው የሚወደው።

«ጫማስ?» አለ አጭሩ።

ቅዳሜ ልባሽ ተራ እንወርዳለን። 46 ያየ አንባቢ ቢኖር ይጠቁመን።